ለባለቤቱ ብቻ

የማህደር ክፍል ናት እኔ የምውልባት፤
የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥባት፣
ወረቀት በእርጥበት እንደ ሰው የሚያብጥባት፣
ከሬጅስትራር ጓሮ፣ ፀሐይ የማይገባባት።

ሃያ ሁለት ዓመት ፋይል ሳወጣ ሳስገባ፣
አንዱን ሲሸኙት በእልልታ፣ በአበባ፣
አንዱን በቀይ መስመር፣ እናቱ ስታነባ፣
ለእኔ የሚታየኝ የሁሉም ጀርባ።

ግድግዳው ላይ ደንብ አለ፣ በፕላስተር የተለጠፈ፣
ጠርዙ የተላጠ፣ ቀለሙ የነጠፈ፦
«የመግቢያ ነጥብ ያላሟላ፣ ቀኑ ያለፈ፣
ከስምንተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ስሙ በአንድ ፊደል የተዛነፈ
አይመዘገብም።»
ከሥር፣ በደማቁ፦ «የተማሪ ማስረጃ
ለባለቤቱ ብቻ!»

ሰኔ ላይ አንድ ሽማግሌ ከሊሙ ሰቃ መጡ፤
አባ ፊጣ ይባላሉ። ከመናኸሪያ በእግር ነው የመጡ፤
ኮታቸው እየተንጠባጠበ መስኮቴ ሥር ተቀመጡ።

«ልጄ ሙሒባ፣» አሉኝ፣ «ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤
ስልኳ ከተዘጋ ግን ይኸው ስንት ወሩ ነው።
ውጤት አይደለም የምጠይቅህ፤ ትኑር አትኑር ነው።
በሬ ሸጬ ላክኋት፤ ቀንበሩም ለጎረቤት ተሸኘ፤
ቁጥሩን ተወው፤ ስሟ ብቻ እዚያ ውስጥ ተገኘ?»

ገባሁ። «መ» ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው።
ሲባጎው የላላ ስስ ፋይል፤ ሁለት ወረቀት ብቻ ነው።
አንደኛው ቅበላ፦ ማህተሙ ሰማያዊ።
ሁለተኛው ስንብት፦ ማህተሙ ያው ሰማያዊ።
ሪሜዲያሉን ለማለፍ ሁለት ነጥብ ጎድሏት፣
ፈርማ ወጥታለች፤ ቀኑን ብቆጥር፣ ይኸው ሁለት ዓመት።

ደንቡ ለእኔ ጋሻ ነው። ከጠዋት እስከ ማምሻ
ስንቴ ተከለልኩበት!
ያን ቀን ግን ጠበበኝ፤ አልሆነኝ መሸሻ።

ምክንያቱም አውቃታለሁ።
ከበሩ ማዶ፣ ባጃጅ ከሚዞርበት፣
«ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ከሚል ጠባብ ቤት፣
የሰው ዲግሪ ታባዛለች፣ ከመስታወት ሥር አስተኝታ፤
አረንጓዴ ብርሃን ፊቷን አጥቦት ሲያልፍ በዝምታ።
የእኔንም የሥራ ልምድ አባዝታልኛለች፤
«ማህተሙ አልወጣም» ብላ ደግማልኛለች፤
ሂሳቡን ግን የአንድ ገጽ ተቀብላኛለች።

ተመለስኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
«አባቴ፣ መረጃ መስጠት አልችልም፤
ደንብ ነው፤ ለወላጅም ለሚኒስትርም አይፈቅድም።
ማመልከቻ ማስገባት ግን ማንም አይከለከልም።
የመታወቂያዎ ኮፒ ያስፈልጋል፤
እዚህ የለንም፤ ከበሩ ፊት ለፊት ይገኛል።»
«ሌላ ቦታስ የለም?»
«አለ። ያኛው ይሻላል።»

እውነቱን ለመናገር፣ ደንቡ ኮፒ አይልም፤
ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲያም ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

ሄዱ፣ ላስቲክ ጫማቸው ኮሪደሩን እያጨቀየ።
ሰልፉ ተበተነ። ምሳዬን ሳልበላው ቆየ።
ጦጣ ቆርቆሮው ላይ ሮጠች፤ ዝናቡ አባርቶ ነበር።
ማንን ጠቀምኩ? ማንን አጋለጥኩ? መልሱ ከእኔ ጋር አልነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ፤ ብቻቸውን።
በመስኮቱ ሥር አሾለኩልኝ ወረቀቱን።
ገና ትኩስ ነው። መታወቂያው፣ ፎቶው፣ የቀበሌው ስም፤
ጥጉ ላይ ግን አንድ ጥቁር ነገር፣ ጭረትም አይመስልም፦
ካርዱን ሳይለቅ አብሮ የተቀዳ
ቀጭን አውራ ጣት።

«ስንት አስከፈለችዎ?» አልኩ፤ ምላሴን ነከስኩ።
«አልከፈልኩም፣» አሉ።
ኮታቸው ደርቋል።

ማመልከቻ አልጻፉም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።
ያችን ወረቀት ከቅበላው ጋር ላስራት? ቦታዋ አይደለም፤
ከስንብቱ ጋር? እሱም አይደለም፤
ደንቡ ለእንዲህ ያለው ክፍል አላበጀም።
«መ» ውስጥ ናት፣ ከሁለቱ መሃል፤ ቢለምኑኝም አላሳይም።
ለባለቤቱ ብቻ ናት። ከሁለቱ የማንኛቸው እንደሆነች ግን
እስካሁን አልወሰንኩም።