ፊት

አሥራ አንድ ዓመት ነዳሁ፣ በሮተርዳም ዝናብ፤
ሐሙስ ሐሙስ ማለዳ፣ በጥቁር ዐይነ ርግብ
ተከልላ ትመጣለች፣ ከገበያው ፌርማታ፣
ዓሣ በላስቲክ ቋጥራ፣ ጋሪዋን ጎትታ።
«እንደምን አደርክ፣ ቪበ» ትለኛለች ሁሌ፤
ስሟን ጠይቄ አላውቅ፣ እኔ እንኳ በበኩሌ።

ነሐሴ ላይ ደብዳቤ መጣልን ከቢሮ፦
ፊት ሸፍኖ መሳፈር ክልክል ነው ዘንድሮ።
ምሳ ላይ ተሟገትን። ኮርኔሊስ ቆጣ ብሎ፣
«ፊት ለሚነሳን» አለ፣ «ፊት መስጠት ምን ተብሎ!»
ኢክራም ሹካዋን ጣለች፦ «ባሏ ሸፈናት እንበል፤
የሚገልጣትስ ወንድ ምኗ ነው ሊባል?»
እኔ ሾርባዬን ጠጣሁ።

ሐሙስ ደረሰ። በሩን ከፈትኩኝ እንደ ወጉ፤
በጣቴ አመለከትኳት፣ ተለጥፏል ሕጉ።
አላለቀሰችም፤ ጋሪዋን አዙራ
ድልድዩን በእግሯ ጀመረች፣ ከነፋስ ጋር አብራ።

ጥቅምት ላይ አንዲት ሴት ገባች፣ ጉንጯ ማድያት ያለው፤
አላወቅኋትም፤ ብዙ ነው የሚሳፈር ሰው።
«እንደምን አደርክ፣ ቪበ።» ድምፁን ለየሁ ያኔ፤
ፊቷ እዚያው ነው፣ ተገልጦ፤ ፊት ያጣሁት እኔ።

ቆቤን ወደ ዐይኔ ስቤ
በሩን ዘጋሁ።