መረብ ጠጋኙ

ከሙላው ቪዲዮ ቤት፣ ሽንብጥ፣ በአምስት ብር፤
ሳንድሪኒ፣ ዘጠኝ ቁጥር ማሊያህ ሰፍቶህ ነበር።
“ይሄ ልጅ አይበላም?” አለ ልየው ስቆ፤
ሳቁን ሳይጨርሰው፣ ግብ ጠባቂው ወድቆ፣
ኳሷ መረብ ውስጥ ናት።

እኔ መረብ ጠጋኝ ነኝ፣ የጣና ዳር ሰው፤
አንተ የምትቀደውን እኔ ነኝ የምሰፋው።
ያንተ መረብ ሲርገበገብ ከተማው ይጮኻል፤
የኔን አምባዛ ሲቀድ ማን ያጨበጭባል?

ጄኖቫ አሳደገህ፣ ቶሪኖ ገዛህ፤
ጉልበትህ ሲከዳህ ባሪ ተዋሰህ።
በኛም በኩል እምቦጩ ጣናን ወረሰ፣
ዓሣው ደቀቀብኝ፣
የመረቤም ዐይን በየዓመቱ አነሰ።
ልየው ባጃጅ ገዛ። ሙላው ቤቱን ሸጠ፤
የገዛው ሰውዬ ቻናሉን ለወጠ።

በተሰናበትክ ለት እንግሊዞች ገጠሙ፤
ሪሞቱን ብለምን ልጆች አጉረመረሙ።
በሬዲዮ ሰማሁ፦
ሰባት ደቂቃ ብቻ። ኳስም አልነካህ።

ያን ሌሊት ስሰፋ ስምንት ቀዳዳ ደፈንኩ፤
ዘጠነኛው ላይ ስደርስ መርፌዬን አኖርኩ።
“አባዬ፣” አለች ጥሩዘር፣ “አንዱን ረሳኸው።”
አልረሳሁም።
እሱ ቁጥር ባለቤት አለው።