ከአምስት ስንት?

በዋይኮሩ ወንዝ አፍ፣ በኒውዚላንድ ጠረፍ፣
ቆሜአለሁ በአንድ እግሬ፣ ቅጽ ይዤ ለመጻፍ፤
የሌላው እግሬን ቦቲ ጭቃው ውጦት ቀርቷል፣
ነፋሱም ወረቀት ሊነጥቀኝ ይቃጣል።
መጋቢት ነው፤ እዚህ የብርድ መግቢያ።

አንደኛው ጥያቄ፦ «አገር በቀል ዕፀዋት
መሬቱን በመቶ ስንት እጅ ሸፍነዋል?»
ሰባ ብዬ ጻፍኩኝ፤ ሰረዝኩና፣ ሰባ አምስት፤
የዓይን ግምት ነው መቼም፣ ሣር ማን ይቆጥራል?
ኦዮይ፣ ያ ቄጠማ፣ ዝገት መስሎ ቀልቷል፣
ማካካው ቁጥቋጦ ጨው ጠጥቶ ጠንክሯል፣
ከቦዩ ጥግ ያለው ግን፣ ያ ሰነፍ ረጅም ሣር፣
ከብት ተከትሎ ነው፣ በመርከብ የመጣ ዘር።
«መጤ» ብዬ ጻፍኩት። ነጥብም ቀነስኩበት፤
ቅጹ እንዲህ ነው የሚለው፣ እኔ ምን አለሁበት?

ሁለተኛው፣ ብርቅነት። ሦስተኛው፣ ትስስር።
አራተኛው፣ ጉዳት፦ በከብት፣ በቦይ፣ በአጥር።
ለሁሉም አንድ ሳጥን፣ ለሁሉም አንድ ቁጥር፣
ከአንድ እስከ አምስት።
ማታታ ወፍ ከቄጠማው ውስጥ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ አለች፤
ሦስት ሰጠኋት። ጅራቷን አላየሁማ።

ሌክላን መጣ በሞተሩ፣ ውሻው ከኋላ ተፈናጦ።
«ጠፍ ነው» አለኝ «ይኼማ፣ ላም አትጠግብበትም።
አባቴ ቦይ ሲምስ ሠላሳ ዓመት ኖረ፤
እሱ ደረቀ እንጂ ረግረጉ አልደረቀም።
ለመሆኑ ስንት አገኘ?» አንገቱን አሰገገ፤
ቅጹን በክንዴ ጋረድኩ፣ እንደማያስኮርጅ ልጅ።

ራውኩራ ግን አልጠየቀችም።
ለወንዙ ስም ካወጡት ወገን ናት፣ ከነባሮቹ።
ባልዲዋን አስቀምጣ «ጨረቃ የሞላችው
መች ነበር?» አለችኝ። ቆጠርኩ፤ ዐሥራ አንድ ቀን።
ጎንበስ አለች። ከቦዩ ጥግ። ከመጤው ሣር ሥር።
የልጅ ጠጉር እንደምትፈትሽ እናት
ሣሩን በጣቷ ከፈል አደረገችው።

እዚያ፣ እርጥቡ ሥር ላይ፣
ከሰሊጥ የሚያንስ፣ ብርጭቆ የመሰለ፣
አንድ ሺህ፣ ሁለት ሺህ እንቁላል፤
በእያንዳንዱም ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጥብ።
ዓይን።

«ኢናንጋ ነው» አለች። ከጣት የማይበልጥ ዓሣ፤
በሙላቱ ሌሊት ባሕር ያለ ልኩ ሲነሣ
አብሮት ሣር ውስጥ ገባ፤ ጥቂት ቆየ፣ ወለደ፤
ውሃው ሲመለስ እሱም ሊሞት ወረደ፣
ልጆቹን ለደረቅ መሬት አደራ ሰጥቶ፣
ሌላ ሙላት ድረስ፣ ባሕር ዳግም መጥቶ።

መጤ ላልኩት ሣር።
ነጥብ ለቀነስኩበት።

ሌክላን ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንደሆነ አላወቀም።
ላሞቹን አየ፣ ወደዚሁ ሲመጡ፣
ቀስ እያሉ፣ እየጋጡ።
«አጥር» አለ። ሌላ አልተናገረም።
ውሻውን በፉጨት ጠርቶ ሄደ፣
ሞተሩን ሳያስነሣ፣ እየገፋ።

በቅጹ ግርጌ «ሌላ አስተያየት» የሚል አንድ መስመር አለ፤
እርሳሴን ምላሴ ላይ አርጥቤ ብዙ ቆየሁ።
ምን ይጻፋል? ሁለት ዓይን በሁለት ሺህ፣
አራት ሺህ ነጥብ ነው፤
ከአምስት።

ራውኩራ ሣሩን መልሳ አለበሰችው።
ቦቲዬን ጎትቼ ሳወጣ ውስጡ ሸርጣን ገብቶ ነበር፤
ክንዱን አንሥቶ ተቀበለኝ፣
እንደ ባለርስት።