ጣቴ ያለበት ፎቶ

ካሜራ አልገዛሁም። ዕዳ ነው ያመጣው።
ጌጤነህ ነው፣ ከሂሳብ ክፍል፣ ሦስት መቶ ብር ያጣው፤
«እስከ ደሞዝ» ብሎ መያዣ አስቀመጠ፣
ደሞዝ መጣ፣ ሄደ፤ እሱ ግን ቀለጠ።

የራሽያ ዜኒት፣ እንደ ጡብ የሚከብድ፣
ሲጫኑት እንደ በር «ጓ!» ብሎ የሚወርድ፤
ስድስት ወር ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተኛ፣
ከማኅተም፣ ከደረሰኝ፣ ከሙጫ ጋር ጓደኛ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ካፊያው ሲያባራ፣
ወጣን ወደ ፒያሳ፣ እኔና ካሜራ።
ሠላሳ ስድስቱን ባንድ ሰዓት ጨረስኩ፤
ርግብ፣ የመብራት ሽቦ፣ ባገኘሁት ተኮስኩ፤
ደግሞም አንድ ሱቅ ፊት ቆም ብዬ በጥድፊያ፣
«ድልነሳሁ ፎቶ» የሚል ሰሌዳ፣ ሰማያዊ መዝጊያ።

ፊልሙን ለዚያው ሱቅ ሰጠሁ። «ሐሙስ ና» አሉኝ።
ሐሙስ፣ መነጽራቸውን ግንባር ላይ ሰቅለው አዩኝ።
«ከሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳው ጨለማ፣
አምስቱ ብርሃን ብቻ። ይቺን፣ ይቺን እማ
ተዋት፣ ልጄ፣ ተዋት፤ ጣትህ ነው የወጣ፤
ሱቄን አነሣ ብለህ፣ አውራ ጣትህ መጣ!»

ግማሽ በር፣ ግማሽ ሥጋ። ከፈልኩ። አፈርኩኝ።
ደረጃው ላይ ስደርስ ግን ሣቄ አመለጠኝ።

እንዲህ ነው የጀመረኝ፣ እንደ ጉንፋን ነገር።
ስብሰባ ላይ ሆኜ፣ አለቃዬ ሲናገር፣
ወሬውን አልሰማም፤ ከጀርባው ፀሐይ ገብታ፣
ጆሮውን እንደ ቲማቲም አቅልታ፣ አብርታ፣
እሷን ነው የማየው።
ጥብሱን በሽሮ ለወጥኩ፣ ሽሮውን በዳቦ፣
የቀረው ፍራንክ ሁሉ ለፊልም ተሰብስቦ።

ባንክ በር ላይ ዘበኛው፦ «አንተ! ክልክል ነው!»
«ሰማዩን እኮ ነው…»
                              «ሰማዩም ክልክል ነው!»
አንዲት ሴት በነጠላ ፊቷን ሸፈነችኝ፤
ካሜራውን ዝቅ አድርጌ «ይቅርታ» ስል፣ አየችኝ።
ከዚያ ወዲህ ጠይቄ ነው።

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከፖስታ ቤት በላይ፣
ትርንጎ አለች፤ መኪና አቁመው ለሚሄዱ
ትኬት ቆርጣ ሰዓት የምትጽፍ፤ ከፀሐይ
ስትሸሽ፣ ጥላውን ይዛ የምትዞር በመንገዱ።

«ምን ቁጭ ብድግ ያሰኝሃል?» አለችኝ አንድ ቀን፣
«አሁን ምንም የለም፤ ጠራራ ነው፤ ሁሉን
አመድ አስመስሎታል። አሥር ሰዓት ተኩል ና።
ያ ሕንፃ ጥላውን እዚያች ላዳ ጋ ሲያደርስ፣
ከመስታወቱ ዘሎ ብርሃን ይሻገርና
ያንን ግንብ ይነካል። አምስት ደቂቃ ብቻ። ከዚያ ድምስስ።»

አሥር ሰዓት ተኩል። ጥላው ላዳዋን ነካ።
ብርሃኑ ተሻገረ። መጽሐፍ አያውቀው ለካ
ይህን ነገር፤ የሚያውቀው ቀኑን ሙሉ የቆመ እግር!
ትርንጎ፣ ከግንቡ ፊት፣ ትኬቷን በጥርሷ ይዛ፣ ሳንቲም ስትቆጥር፤
ጓ!

የመጀመሪያዬ የምለው እሱን ነው። ሳሳያት፣
«ጫማዬን ቆረጥከው» አለች። አዲስ ነበር። ቆጫት።

ዘመን ሄደ። አሁን እሑድ እሑድ አራት ነን፤
ኅሪት ከጥቁር አንበሳ፣ ሌሊቱን አድራ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣
ቶሎሳ ወያላው፣ የተሰነጠቀ ስልኩን ይዞ፣
ትርንጎም፣ አዎ፣ ትርንጎ፣ በገዛ ካሜራዋ፤
ማንም ማንንም አያስተምርም።
ስለ አንዲት ጥላ ብቻ እስኪመሽ እንጣላለን።

ባለፈው ክረምት ደግሞ፣ ያ ሰፈር ሲፈርስ፣
ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ድልነሳሁ ናቸው፣ ትንፋሻቸው እስኪጨርስ፦
«የሰው ሁሉ ፊት አጥቤ፣ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ጉርድ፣
የገዛ በሬን ፎቶ አንድም የለኝ፤ ጉድ እኮ ነው፣ ጉድ!
ያቺ… ጣትህ ያለባት… ጥለሃት ይሆን?»

አልጣልኳትም።

አሳድጌ አሳጠብኩና ቤታቸው ወሰድኩላቸው።
«ጣቱን ላስቆርጠው?» ብል፣ አልሰሙኝም። ዓይናቸው
በሩ ላይ ነበረ። ሲይዟት፣ አውራ ጣታቸው
በጣቴ ላይ አረፈ፣ ልክ በልክ፣ ሸፈነው።
ብዙ ቆዩ።
ከዚያ መነጽራቸውን ግንባር ላይ ሰቀሉና፣
«ፎከሱን ግን» አሉኝ፣ «ፎከሱን ስተሃል፣ ልጄ።»