ጣት ቆጠራ

ከጠባሴ በላይ፣ ነፋስ ሲያፏጭባት፣
አንድ ክፍል አለችኝ፣ ቆርቆሮ ያለበሷት።
ሌሊት ሌሊት ፋብሪካ፣ ብርድ ልብስ ስሠራ፣
ለማላውቀው ሰው እንቅልፍ፣ ስታገል ከማግ ጋራ፣
ጎህ ሲቀድ እወጣለሁ፣ የአፌ እንፋሎት ቀድሞኝ፤
ከተማው ሲነቃ ነው፣ እኔን እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም፣ ይላል ያገሬ ሰው፤
እኔ ግን ተኝቼ የምውል፣ ሕልሜን ልቀበለው ነው።

በሬን እቀረቅራለሁ፤ እጄን ታጥቤ በቀዝቃዛ፣
አቡነ ዘበሰማያት፣ ቀስ ብዬ፣ ሳላበዛ።
ከዚያ ቀኝ እጄን አንሥቼ፣ ወደ መስኮቷ ቀዳዳ፣
ጣቶቼን እቆጥራለሁ፣ እንደ ባለዕዳ፤
አውራ ጣት። የቀለበት። ትንሿ።
ሦስት።
እውን ነው።

ሁለቱን ማሽን ወሰዳቸው፣ ገና ለማጅ ሳለሁ፤
«ሌባ ጣቴ ተሰረቀ» እያልኩ፣ ሰው አስቄ አውቃለሁ።
ግን በምን ላማትብ፣ ያቺ ጣት ከሌለች?
በአውራ ጣቴ ስሞክር፣ መስቀሌ ተንሻፈፈች።

ይህን ያስለመደኝ፣ ሺበሺ ነው፣ የቦይለሩ፤
ዓይኑ እንደ ፍሙ ቀልቶ፣ ሁሌ ሲስቅ ከንፈሩ፤
«እኔን የቀን ልማዴ ነው፣ ሕልሜ ድረስ የሚከተለኝ፤
ጠይቅ፤ አንድ ቀን እዚያም፣ ትጠይቃለህ» አለኝ።

ሰባት ወር ጠየቅኩ።
በበሬሳ ድልድይ ላይ፣ በደመወዝ ሰልፍ ላይ፣
ሬሳ ተሸክመን ስንወጣ፣ በዳገቱ ወገብ ላይ፦
ሦስት። ሦስት። ሦስት።

ኅዳር ላይ፣ ውርጭ ባቄላውን በመታ ማግስት፣
የመንዝ በጎች መጡ፣ ፋብሪካው በር ተሰለፉ፤
ሱፋችንን መልሱ አሉ፣ በየተራ እየጮኹ፤
ሥራ አስኪያጁ ይምላል፣ መዝገብ ይገልጣል፣ ያልበዋል።
እኔም እጄን አነሣሁ፣ እንደ ልማዴ፦
አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

አምስት።

ነቃሁ፣ ሳልነቃ። እዚያው እንቅልፌ ውስጥ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይበራል። ሺበሺማ ይበር ነበር፤
ጣርማ በርን ከጉሙ በላይ አልፎ፣ ሸዋሮቢት ቆላ ወርዶ፣
ብርቱካን በልቶ ይመለስ ነበር፣ ልጣጩን ለበረሃው ጥሎ።
እኔ አልበረርኩም።
ከበጎቹ መሐል ተንበርክኬ፣ በሌባ ጣቴ አማተብኩ፤
ከግንባሬ እስከ እንብርቴ፣ ከግራዬ ወደ ቀኜ።
ቀጥ አለች። እንደ ልጅነቴ።

ለነፍስ አባቴ ለአባ ኅሩይ፣ ብነግራቸው ዝም አሉ፤
«ሕልም እንደ ፈቺው ነው፤ እኔ አልፈታውም» አሉ።
ደጅ ድረስ ሸኝተውኝ ግን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣
«ሞቃት ናት ወይ ጣቲቱ?» አሉኝ፣ ሰው እንዳይሰማቸው።
ሞቃት ናት፣ አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ጸሎቴ ይህ ነው። ሌላ አልጨመርኩበትም።

ባለፈው ሳምንት፣
በሬን ቀርቅሬ፣ ታጥቤ፣ ቆጠርኩ። ሦስት።
እውን ነው ብዬ ወጣሁ፤
የባለሱቁን ዕዳ ከፈልኩ፤ የላላ ምስማር መታሁ፤
ከቦይለሩ ጎን ተቀምጬ፣ ከሺበሺ ጋር፣
የገብስ ቆሎ ተካፈልን፣ ከአንድ ኪስ።
ሺበሺ ከሞተ ግን
ዘንድሮ ፋሲካ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ቆሎው አፌ ውስጥ ሳለ ነው የገባኝ።
እጄን ደግሜ አየሁት። ሦስት። አሁንም ሦስት።
ሕልሜ ሳይቀር ለምዶታል፤
እኔ ብቻ ነኝ ያልለመድኩት።

ለሺበሺ ምንም አልነገርኩትም። ሟች ነህ አይባልም።
በአውራ ጣቴ አማተብኩ፣ ያቺኑ የተንሻፈፈችውን፤
አየኝና «ጎሽ» አለኝ፣
ከኪሱ ግርጌ የቀረውንም ቆሎ መዳፌ ላይ አራገፈልኝ፤
በሦስቱ ጣቶቼ መሐል ጥቂት ፈሰሰ፣
ጥቂት ቀረ።

የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ነቃሁ፤ ወይም ነቃሁ መሰለኝ።
ቆርቆሮው ላይ ነፋስ። የሌሊት ፈረቃ። ብርድ።
እጄ ብርድ ልብሱ ውስጥ ነበረች፤
ሳልቆጥራት ተነሣሁ።