ቆመሽ ነው የምታወሪው

ዛሬ ቦራ ተነሥቷል፣ የትሪዬስቴ ነፋስ፣
ከኮረብታው ወርዶ ባሕር የሚያተራምስ።
በአያቶቼ ዘመን ገመድ ይወጥሩ ነበር በየመንገዱ፣
ሰዎች እሱን ጨብጠው ዳገቱን እንዲወርዱ።

እኛም ዘንድ ገመድ አለ፣ ዐሥረኛው ፎቅ ላይ፤
ቀጭን ነው፣ እንደ ውሃ የጠራ፣ ውስጡ የሚታይ፤
ጠብታ የሚወርድበት፣ ትንፋሽ የሚገባበት፣
ሰው በሱ ተንጠልጥሎ እስኪነጋ የሚያድርበት።

«ለአንዲት ነርስ ሁለት ሕሙም» ደንቡ እንዲህ ይላል፤
በሩ ላይ ተለጥፏል፣ ማኅተም አርፎበታል።
እኔ ዛሬ አራት አለኝ።
ኔቫ በመስከረም ለቀቀች፤ ድንበር ተሻግራ
ኦስትሪያ ገብታለች፣ ለእጥፍ ደመወዝ ሥራ።
ቲዚያኖ ሕሙም ሲያገላብጥ ወገቡ ተቀጭቶ ቀርቷል ቤት፤
በሁለቱ ምትክ የመጣልን፣
አንድ ካርቶን ብርቱካን፣ አንድ የምስጋና ወረቀት።
«ጀግኖቻችን» ይላል። ፊርማው የማሽን ነው።
ብርቱካኑን በላነው።
ምን ይዋሻል፣ ጣፋጭ ነው።

አልጋ ሦስት ሊቪዮ ነው፣ የወደብ ክሬን ነጂ፤
ስንት ቶን ብረት እንደ እንቁላል አስቀምጧል በዚያ እጁ።
አሁን እጁን አስረናል፣ በለስላሳ ጨርቅ፣
ከጉሮሮው ቱቦውን በሰመመን እንዳይነጥቅ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ይጮኻል።
ኤርሚኒያ ናት፣ ሚስቱ። እንቅልፍ ከሷ ከራቀ ሰንብቷል።
ስለ ሳንባው አትጠይቅም፣ ስለ ደሙ፣ ስለ ቁጥሩ፤
«እጁን የያዘለት አለ?»
ይኸው ነው የሷ ነገር፣ መጨረሻውም መጀመሩም።

«አዎ» እላለሁ፣ «እኔ ይዤዋለሁ።»
ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ አጣብቄዋለሁ፤
በቀኜ ሲሪንጅ እሞላለሁ፣
በግራዬ የአልጋ ሰባትን ደወል አጠፋለሁ።
የሊቪዮን እጅ ግን ከምሽት ወዲህ...
ነክቻለሁ፤ መርፌው አብጦ እንደሆን ለማየት፣
ማሰሪያው እንዳይከረክረው ለማላላት።
ያ መንካት ነው። መያዝ አይደለም።

ሰዎች «ርኅራኄያቸው ነጠፈ» ይሉናል፣ እንደ ላም።
አልነጠፈም።
ግቱ ሞልቶ፣ ወጥሮ ያማል፤
የሚያልበው ጊዜ ነው የጠፋው።

ስልኩ ዝም አለ። ቆየና፣ በቀስታ፦
«ልጄ፣ ቆመሽ ነው የምታወሪው።
ሠላሳ ዓመት ሰርዲን ሳሽግ ኖሬያለሁ፤
ቆሞ የሚያወራ ሰው በትንፋሹ ይታወቃል፣
ቃሉ ራሱ ጉልበቱን ያመዋል።
ውሸትሽን አልጠላሁትም፤ ነገም ንገሪኝ።
አሁን ግን ተቀመጪ።
አንድ ደቂቃ። እኔ እቆጥርልሻለሁ።»

ተቀመጥኩ፣ ከመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ሥር፣ ወለሉ ላይ።
በሰፈሯ ዘዬ ቆጠረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ ያለ ችኮላ፣
አሥርን እንደ ደረጃ እያሳረፈች።
ጫማዬ ውስጥ እግሬ እግር መሆኑን አስታወሰ።
አርባ አንድ ላይ ስትደርስ አልጋ ሰባት ጮኸ።
«ሂጂ» አለችኝ፣ «አሥራ ዘጠኝ አለብኝ።»

ሲነጋ፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ ካርዴን አስነካሁ፤ ማሽኑ ጢጥ አለ።
ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ደሞዝም ስምም የለው።
ከእኔ የተረከበችው ልጅ አራቱን አልጋ ቆጠረች፣
እኔን አየች፣ ምንም አላለች።
ካፖርቴን እንደለበስኩ ተመለስኩ፣
እጄን ታጠብኩ፣ ወንበር ሳብኩ፣
ማሰሪያውን ፈታሁና ያንን ሰፊ እጅ ያዝኩት፣ ያለ ጓንት።
መዳፉ አሁንም ሸካራ ነው፤
የእኔም ነው፣ አልኮሉ ልጦታል።

አውቶቡሱ ቁልቁል ሲወርድ በመስኮት አየሁት።
ቦራ መስታወቱን ይደበድባል።
ከአርባ ሁለት ጀመርኩ፣ በሚስቱ ዘዬ፣
ለማን እንደምቆጥር ሳልለይ።
ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ስድሳ።
ዕዳው ተከፈለ።
ስድሳ አንድ፣ አልኩ።