የደም ሥር

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሚያዝያ ሲጋመስ፣
ጭጋጉ ወደ ወንዝ ገና ሳይመለስ፣
በክራውዘር ጫካ፣ በኦሃዮ ዳገት፣
አሥራ አንድ ሆነን ቆምን ከድልድዩ ፊት።

መሪያችን ቬርና ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
የተማሪ አውቶቡስ ነድታለች በውሉ፤
ጡረታ ብትወጣም መቁጠር አልተዋትም፤
«አሥራ አንድ» አለችና፣ «ማንም አይጠፋኝም።

ዛፉ ቅጠል ለብሶ ጣሪያ ሳይደፋ፣
ብርሃን ከግንዱ ሥር እንደልብ ሲሰፋ፣
አበቦቹ በሦስት ሳምንት ያልቃል ዕድሜያቸው፤
ላረፈደ እንግዳ አይከፈት ቤታቸው።»

ያረፈድኩት እኔ ነኝ። ከዱሩ አጥር ጎን
አርባ ዓመት ስኖር፣
አበባ ልይ ብዬ ወጥቼ አላውቅም አንድ ቀን።
ዱሩን ግን አውቃለሁ፤ በእጄ አውቃለሁ፤
ግንዱን አቅፌ ለክቼ በዋጋ ቆጥሬያለሁ።

ሎቲ፣ የሰባት ዓመት፣ በቢጫ ቦት ጫማ፣
ከእናቷ እጅ አምልጣ፣ ጥሪም ሳትሰማ፣
አንዱን ነጭ አበባ ጎትታ ነቀለች፤
ከሥሩ ቀይ ሲፈስ መዳፏን አየች፤
«ደማ! አደማሁት!»

ሁላችን ዝም አልን። ቬርና አልተቆጣች፤
ጉልበቷ እየተንቋቋ ካጠገቧ ወረደች፤
ሳይለበልባት በፊት በመሀረብ ጠርጋ፣
«የደም ሥር ነው ስሙ» አለቻት ተጠግታ፤
«ሥሩን መልሺለት፣ አፈር አልብሺው፤
በጣትሽ ጠቅጥቀሽ አንድ ነገር ንገሪው።»
«ምን ልበለው?»
«ስምሽን።»

የደም ሥር። እኔም ስሙን በሆዴ ደገምኩት፤
ክንዴ ላይ ያበጠውን፣ ሰማያዊውን ነካሁት።

ወደ ላይ ስንወጣ ዳገቱ ነጭ ሆነ፤
ሦስት ቅጠል፣ ሦስት መልክ፣ በሺህ ተበተነ።
«የሥላሴ አበባ» ይሉታል ሴቶቹ፤
ሆባርት፣ የከሰል ጉድጓድ ያጎበጠው አዛውንቱ፣
ባርኔጣውን አወለቀ፤
መልሶ ማጥለቁን እስከ ምሳ ድረስ አላስታወሰም።

«ከዘር እስከ አበባ ሰባት ዓመት ነው» አለች፤
«ዘሪው ደግሞ ጉንዳን።» ቬርና ሳቀች።
«ዘሩ ላይ ቅባት አለ፤ ጉንዳን ያንን ፈልጎ
ይሸከመዋል ቤቱ፣ ሁለት ክንድ ፈቀቅ አርጎ፤
ቅባቱን ይበላል፣ ዘሩን ይጥለዋል፤
ከጉንዳን ጥራጊ ይህ ሁሉ ይበቅላል።»

ከዚያ መንገዱ ታጠፈ።
ነጩም እዚያ አለቀ። ከመንገዱ ማዶ
እሾህ፣ ቀጫጭን ዛፍ፣ ደረቅ አፈር፣ ባዶ።
«እዚህስ ለምን የለም?» ሎቲ ጠየቀች።
ቬርና የጫማዋን ክር ማጥበቅ ጀመረች።
«ድሮ ተቆርጦ ነው» አለች አቀርቅራ።
ማን እንደቆረጠው ታውቃለች፤
ግንዱን ስንጎትት አልፋለች በዚህ ተራራ፣
ተማሪዎች ጭና።

እኔና ወንድሜ ዴልበርት፣ በአንድ የበረዶ ወራት፣
አፈሩን በትራክተር ገልብጠን እንደ ምንጣፍ፣
ሁለት መቶ ኦክ ሸጥን፤
ቀይ ፒካፕ ገዛንበት።
ዴልበርት ሞቷል። መኪናው ከጎተራው ኋላ ዝጓል፤
ሞተሩ ውስጥ አይጥ ወልዷል።

«ማነው የቆረጠው?» ልጅ መቼ ይረካል።
«እኔ» አልኳት።
መዳፏን አየች፤ ቀዩ ገና አልለቀቀም።
ከዚያ የኔን እጅ አየች።
ምንም አላለችም።

ሌሎቹ ሲወርዱ ቆሜ አሰላሁት፦
የመንገዱ ወርድ፣ ስምንት ክንድ።
የጉንዳን ጉዞ፣ ሁለት ክንድ።
ዘሩ እስኪያብብ ሰባት ዓመት፤
እግር ካልረገጠው አራት ጊዜ ሰባት።
እኔ ስድሳ ዘጠኝ ነኝ።
ሂሳቡን ተውኩት።

ከጫማዬ አፍንጫ ሥር አንድ ጉንዳን አለፈ፤
ባዶ አፉን ነው፤ ዘር የለም፣ ሰኔ ካላለፈ።
መንገድ ያጠና ይሆናል።
ከታች፣ ከድልድዩ፣ የቬርና ድምፅ ይሰማል፦
«ዘጠኝ... አሥር...» ዝም አለች። እንደገና ቆጠረች።

መጣሁ ማለት ነበረብኝ።
ጉንዳኑ ግን ገና መሀል መንገድ ነበር፤
አንድ እግሬን አንሥቼ
ቆየሁ።